ቁልፉን ያስረከበች ሴት

ነገር ከማሳመር እውነቱን መናገር ይሻላልና፣ ብረቷ የሚሏትን ሴት የሚወዳት ሰው አልነበረም። በሴቶች እስር ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ቁልፍ ይዛ ኖራለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት እስረኞቹ ናቸው፤ ባልደረቦቿ ተቀብለው አጸደቁት፤ ኋላ ኋላ ባሏ ሳይቀር ሲናደድ በዚያው ይጠራት ጀመር። ረጅም ናት፣ ትከሻዋ የተሸካሚ ነው፣ ፊቷ ጠዋት እንደተቋጠረ ማታ ቤቱ ይገባል። "እንደምን አደርሽ?" ሲሏት "እሺ" ትላለች። አሁን ይሄ መልስ ነው? እስረኞቹ "ይቺን ሴት የወለዳት ጓጉንቸር ነው" እያሉ ያሟታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን ባዳ አልነበረም፤ ሁሉንም ጥርት አድርጋ ትሰማና እንዳልሰማች ታልፋለች።

አንድ ነገር ግን ነበራት። በር ሲንኳኳ ትከፍታለች። ይሄ ቀላል ነገር የሚመስለው እስር ቤት ገብቶ ላላየ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ቆጠራ አለ። ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም በየክፍሉ ይገባል፣ የብረት በሩ ይቆለፋል፣ ከዚያ ሰው ይቆጠራል። የክፍሎቹ ድምር ከመዝገቡ ጋር እስኪገጥም ድረስ ሰማይ ቢደፋ በር አይከፈትም። ድምሩ ደግሞ ስንት ቀን አይገጥምም፤ አንዷ ኩሽና ተረስታ፣ አንዷ ሁለት ጊዜ ተቆጥራ። ያን ጊዜ የታመመች ታቃስታለች፣ ሽንቷ የመጣባት ትንቆራጠጣለች፣ ጠባቂዎቹም ኮሪደር ላይ ቆመው ያወራሉ። ብረቷ ግን በሩ ሲደበደብ ከሰማች ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ትመጣለች።

"ደሞ ምን ሆናችሁ? ትናንት ሆዴን፣ ዛሬ ራሴን፣ ነገ ደሞ ጥፍሬን ልትሉኝ ነው? ነይ ውጪ፣ አንቺ ውልክፍክፍ!"

እንዲህ እያለች ከፍታ የታመመችውን በክንዷ ደግፋ ክሊኒክ ታደርሳለች፤ ተመልሳም ኃላፊዋ ፊት ቆማ ቁጣዋን ትጠጣለች። አመስግኗት የሚያውቅ የለም። እየተሰደበ የሚያመሰግን ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል?

ሥራውን አትወደውም ነበር። የኮሪደሩ የክሎሪንና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ከፀጉሯ አይለቅም፤ ብትታጠብ አይለቅም። ጌታን ያገኘችው ዘግይታ ነው፣ እህቷ የሞተች ዓመት። ከጎማ መሸጫ በላይ ባለች አዳራሽ ውስጥ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ አታጨበጭብም፣ አትዘምርም፤ እምነቷ ግን የምር ነበር። አንዲት ጸሎት ብቻ ነበረቻት። "ጌታ ሆይ፣ አንተ እኔን የፈጠርከኝ በር እንድቆልፍ ነው? ለምን እንደፈጠርከኝ ንገረኝና ልረፍ።"

መልሱን ያመጣችላት የጸሎት እናት የሚሏት ሴት ናት። የዚህች ሴት መተዳደሪያ መጋረጃ መሸጥ ነው፤ ከአፏ ማር ጠብ ይላል፤ ለየትኛው ቤት የትኛው ጨርቅ እንደሚሄድ ገና ከበሩ አይታ ትነግርሻለች። ምነው እዚያው ላይ በቆመች! የሰውንም ዕድል እንደ መጋረጃ በሜትር ለክታ ትሰጣለች። አንዱን ምስኪን "አንተ ለዝማሬ ተቀብተሃል" ብላው፣ ያን የዛገ ድምፁን ይዞ ስንት እሑድ አሰቃይቶናል። እና አንድ ቀን እጇን ብረቷ ራስ ላይ ጫነች።

"ልጄ፣ ጌታ እንዲህ ይልሻል፤ ከብረት መካከል አወጣሻለሁ! እነዚያን ቁልፎች ጣያቸው! የነፍሶችን በር የምትከፍቺበት ሌላ ቁልፍ አዘጋጅቼልሻለሁ!"

አዳራሹ "አሜን!" ብሎ ተነቃነቀ። የብረቷን ሥራና ቅጽል ስም ጉባኤው ሁሉ እንደሚያውቅ በዚያ ሰዓት ትዝ ያለው ሰው የለም። ብረቷ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ተንቀጠቀጠች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች። ልቧ ሲመኘው የኖረውን ነገር ሌላ ሰው በጌታ ስም ሲነግራት በምን አንጀቷ ትጠራጠር?

ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሳሎናቸው ሆዱ የተከፈተ ፍሪጅ አጥቶ አያውቅም።

"ሥራ ልለቅ ነው" አለችው።

"ማን አባረረሽ?"

"ጌታ ጠርቶኝ።"

ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ጌታ አንቺን ለመጥራት በመጋረጃ ሱቅ በኩል ነው የዞረው? ቤታችን ጠፋው?"

"አትሳለቅ!"

"አልተሳለቅኩም። ይሄን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ስትስቂ ያየሁሽ ሁለቴ ነው፤ አንዱም እኔ ወድቄ ነው። ሰው ፊት ቆመሽ የምሥራች ስትናገሪ፣ ሰዉ መርዶ የመጣ እንዳይመስለው ብዬ ነው።"

ተኮራርፈው ከረሙ።

ያን ሰሞን ከእስረኞቹ መካከል አኩራፊዋ የሚሏት አንዲት ወጣት ነበረች። በጠብ ሰው በቢላ አቁስላ የገባች ናት፤ ስትገባ ማርገዟን እንኳ አታውቅም ነበር። የልጁ አባት አንድም ቀን ሊጠይቃት አልመጣም። ከማንም አትነጋገርም፤ ብረቷን ደግሞ በተለይ ትጠላታለች፣ ስታልፍ ምራቋን እንትፍ ትላለች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ግን ፍርሃቱ ከኩርፊያው በለጠባትና፣ አንድ ቀን ጓሮ ብርድ ልብስ ስታሰጣ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር ተናገረች።

"በቆጠራ ሰዓት ቢይዘኝስ?"

"ታንኳኪያለሽ፣ እከፍታለሁ" አለች ብረቷ።

"ያንቺ ተራ ባይሆንስ?"

"አስቀይሬ እገባለሁ። እኔ አለሁ አልኩሽ፣ አለሁ ነው። አሁን ያን ብርድ ልብስ ጨምቂው፤ ውኃውን ለማን ልትተዪለት ነው?"

ይህን ብላ ብዙም ሳትቆይ መልቀቂያዋን አስገባች። ቃሏን ረስታው ነው? አልረሳችውም፣ የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ትዝ ባላት ቁጥር "ጌታ ሌላ ሰው ያዘጋጅላታል" እያለች ራሷን ታባብል ነበር። ስንቱ ነው የራሱን ሸክም ጌታ ላይ ጥሎ እጁን እያራገፈ "አምኜ ነው" የሚለው! የቁልፉን ዘለላ ሳቂታዋ ለሚሏት ጠባቂ አስረክባ ወጣች። ሳቂታዋን ሁሉም ይወዳታል፤ ጥርሷ አይከደንም፣ "የኔ ቆንጆ፣ የኔ ማር" ካላለች አፏ አይፈታም። አኩራፊዋን ብረቷ አልተሰናበተቻትም። ምን ብላ ትሰናበታት?

ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ እንድትስቅ ያለማምዷት ጀመር። ወንጌላዊው፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው ሰው፣ "እህቴ፣ ደስታሽ ፊትሽ ላይ ይነበብ" ይላታል። ትሞክራለች። ጥርሷ ይታያል፣ ሳቁ ግን አይመጣም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ፊት ለፊቷ የነበረ ሕፃን ደንግጦ አልቅሷል። በመጨረሻ "ይቺ መቼም ቦታውን ታውቀዋለች" ብለው የት ቢመድቧት ጥሩ ነው? የእስረኞች አገልግሎት ላይ! ከብረት መካከል ወጥታ፣ ዞራ ዞራ እዚያው ብረት ጋ፤ አሁን ግን ቁልፍ የሌላት፣ ካርቶን ሳሙና የተሸከመች።

እሑድ ጠዋት ከወንጌላዊው፣ ከጸሎት እናትና ከአንድ የሚያንቧርቅ ድምፅ ማጉያ ጋር ገባች። እስረኞቹ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ብረቷ ማይኩን ያዘች።

"እህቶቼ" አለች። ይሄን ሁሉ ዘመን እንዲህ ብላ ጠርታቸው አታውቅም። "ጌታ ከዚህ ቦታ አወጣኝ። እናንተንም..."

ከፊት የተቀመጠችው አሮጊት፣ ክፍሉን በእድሜ የምትመራው፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ጀርባዋን ሰጥታት ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። ከአጠገቧ ያለችው ተከተለች። ከዚያ ሌላዋ። ጥቂት ሳይቆይ ብረቷ የምትናገረው ለጀርባ ብቻ ሆነ።

"የተቃውሞ መንፈስ አለ" አለ ወንጌላዊው፣ አፍንጫውን እየጠረገ። "እንጸልይ።"

ያልዞረች አንዲት ብቻ ነበረች፤ አኩራፊዋ። ቀስ ብላ ተነሥታ መጣች። ሆዷ የለም። የቀሚሷ ደረት በግራም በቀኝም ረጥቧል።

ብረቷ ማይኩን ከአፏ አወረደች። "ልጅሽስ?"

 የመለሰችው አሮጊቷ ናት፣ ፊቷን ከግድግዳው ሳታነሣ።

"በቆጠራ ሰዓት ያዛት። ቁጥሩ አልሞላም ነበር። እጃችን እስኪላጥ በሩን ደበደብን። ያቺ ጥርሳሟ በቀዳዳው ብቅ ብላ 'እሺ የኔ ማሮች፣ ቁጥሩ ይሙላና ወዲያው' አለችን። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ፣ አዋላጅ አይደለሁ። እጄ ላይ ነው የቀዘቀዘው።" አሁንም ሳትዞር ጨመረች። "መሄድሽን እያወቀች አንቺን ጥሩልኝ ትል ነበር። አለሁ ብላኛለች፣ አለሁ ብላኛለች እያለች።"

ብረቷ እጇን ዘረጋች። አኩራፊዋ ከካርቶኑ አንድ ሳሙና አንሥታ ደረቷ ላይ ወረወረችባት።

"ሳሙናሽን ይዘሽ ውጪ።"

የጸሎት እናት ዝም ብትል ምን ነበረበት! እሷ ግን በዚያ ማር በሆነው ድምጿ ጣልቃ ገባች። "አይዞሽ ልጄ፣ ጌታ ሰጠ፣ ጌታ..."

"ጌታ አልነሳም!" ብላ ብረቷ ጮኸችባት። "በር ነው የተዘጋባት! በር!"

ማይኩ አልጠፋም ነበርና ጩኸቱ ግቢውን ሁሉ ሞላው። ጀርባ የሰጡት ሴቶች አንድ በአንድ ዞሩ። ጠባቂዎቹ እየሮጡ መጥተው አገልጋዮቹን ከነካርቶናቸው አስወጧቸው።

ጠቡ በሩ ላይ ቀጠለ። የጸሎት እናት ሻርፗን እያስተካከለች "ጠላት ሊመልስሽ ነው" አለች። "እርፍ ይዞ ወደ ኋላ የሚያይ ለእግዚአብሔር መንግሥት አይገባም! የሎጥን ሚስት አስቢ!"

"የሎጥ ሚስት ትታ የወጣችው ሰዶምን ነው። እኔ ትቼ የወጣሁት እርጉዝ ሴት ነው።"

"የተነገረልሽን ቃል ንቀሽ ከተመለስሽ እርግማን ነው የሚከተልሽ!"

"እንግዲያው ልረገማ!"

"ሰማህ ወንጌላዊ? ሰማህ?" አለች የጸሎት እናት። ወንጌላዊው መሀረቡን ፈለገ።

ብረቷ ልትሄድ ዞራ ተመለሰች። ሴትዮዋን አንገቷን ብታንቃት ደስ ባላት፤ ያ ቀላል ነበር። "አንቺን ልጥላሽ ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። መሸሽ የፈለግኩት እኔ ነኝ። ሽሽቴን ባረክሽልኝ እንጂ አንቺ አላሸሸሽኝም። ከዛሬ በኋላ ግን ጌታ ለእኔ የሚለው ካለው ለእኔው ይንገረኝ፤ መጋረጃሽን ሽጪ።"

ቤት ገብታ ለባሏ ነገረችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሊላት ይችል ነበር፤ ተረቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን አይቶ ዋጠው። ከተፈታታው ፍሪጅ አጠገብ ተንበርክካ ስትጸልይ፣ ብሎን እንዳይወድቅበት እጁን አጥፎ ተቀመጠ። በዚያን ቀን አዳራሽ ውስጥ አጥንቷ ሳይቀር ተንቀጥቅጦ ነበር። አሁን ምንም የለም። ድምፅ የለም፣ እንባ እንኳ የለም። ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት ያ የረጠበ ቀሚስ ብቻ ነው፤ እንዲሁ ተነሣች።

"ምን አለሽ?" አላት።

"ምንም አላለኝም።"

"ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልመለስ ነው።"

"ይቅር የሚሉሽ ይመስልሻል?"

"አይሉኝም።"

"ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ? ጌታ ለዚህ ነው የፈጠረኝ ልትዪኝ ነው?"

"እንጃ፣ አላውቅም። ያ በር ግን የኔ ነበር።"

የእስር ቤቱ ኃላፊ ወንበር እንኳ አላቀረበችላትም። "ይሄ ቦታ ሆቴል መሰለሽ? ሲያሻሽ የምትወጪበት፣ ሲያሻሽ የምትገቢበት?" ብላ አፏን ሞልታ አዋረደቻት። ቢሆንም ሰው አልነበራትምና፣ ይቺን የመሰለች ትከሻ አግኝታ መመለስ አልፈለገችም። የጥንቱ ማዕረግ ቀረ፣ የጥንቱ ደሞዝ ቀረ፤ እንደ አዲስ ገቢ በሙከራ ትቀጠራለች፣ የምትታዘዘውም ለሳቂታዋ ነው። ሳቂታዋ በዚህ ጊዜ የፈረቃ መሪ ሆናለች። ስለ ሕፃኑ የጠየቃት የለም፤ ደንቡን ጠብቃለችና። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሳቋ በዝቷል፣ የሚያስቅ ነገር በሌለበትም ትስቃለች።

እስረኞቹ አዲስ ስም ይዘው ጠበቋት፤ "ሰባኪዋ"። ስታልፍ አንዷ "ሃሌሉያ!" ትላለች፣ ሌሎቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። የሻይ ኩባያዋ ውስጥ የሳሙና ቁራጭ ታገኛለች። ስም ስትጠራ "አቤት" የሚላት የለም። አንድም ቀን አልመለሰችላቸውም። ድሮ ብትሆን ዘር ማንዘራቸውን አንሥታ ባወረደችው ነበር። አሁን አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳቸው።

አኩራፊዋ ግን አልሳቀችም፣ አልተሳደበችም። ማንኳኳት ጀመረች። ገና የመጀመሪያው ቀን፣ ቆጠራው መሀል ላይ፣ በሩን በመዳፏ ደበደበች። ብረቷ እየሮጠች ከፈተች።

"ምን ሆንሽ?"

"ምንም።"

ብረቷ ቆለፈች። ወንበሯ ላይ ሳትደርስ እንደገና ተደበደበ። ከፈተች። "ምን ሆንሽ?" "ምንም።" በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። አኩራፊዋ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ። ምሳዋን ስትጎርስ ይንኳኳል፣ ጫማዋን ስታወልቅ ይንኳኳል። የክፍሉ ሴቶች መጀመሪያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ኋላ ሰለቻቸው፤ ከዚያ ፈሩ። አሮጊቷ እንኳ "ተይ እንግዲህ፣ ይብቃሽ" ብትላት አልሰማችም።

"እየተጫወተችብሽ እኮ ነው፣ የኔ ማር" አለቻት ሳቂታዋ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ትከፍቻለሽ?"

"አንዱን ቀን የምሯን ቢሆንስ?"

ሳቂታዋ የሳቅ ነገር ጀመራትና መሀል ላይ ተቆረጠ። "በቆጠራ ሰዓት አንድ ጊዜ ብትደግሚ ለኃላፊዋ አመለክታለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ፣ ባንቺ ምክንያት እንጀራዬን አላጣም" አለች። አመለከተችም። ኃላፊዋ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻት፤ አንድ ከተጨመረ በሩ ወዲያ ነው። ብረቷ "እሺ" አለች፤ ያው የታወቀችውን "እሺ"።

ደመና ግቢውን ባከበደበት አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ አልገጠመም። አንዴ ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፤ አንዲት ሴት ጎደለች። ሳቂታዋ መዝገቡን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ትመላለሳለች። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። የወትሮው ድብደባ አልነበረም፣ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ፣ ዝግ ብሎ። ብረቷ ተነሣች።

"እንዳትነኪው!" አለች ሳቂታዋ። "ዛሬ እንዳትነኪው! የመጨረሻሽ ነው!"

ብረቷ ከፈተችው። አኩራፊዋ ከውስጥ ቆማለች። አላመማትም፣ አልወደቀችም።

"ምን ሆንሽ?"

"ያን ቀንም እንዲሁ ነበር ያንኳኳሁት" አለች አኩራፊዋ። "መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር። ሰው መረበሽ ፈርቼ።"  "ወንድ ነበር። ፀጉሩ ብዙ ነበር።"

የብረቷ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

"ይቅር በይኝ እንዳትዪኝ!" ብላ ቀደመቻት። "አልልሽም። እስክሞት አልልሽም!"

"አትበይኝ።"

"ዝጊው!" አለች ሳቂታዋ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ድምጿ እያለቀሰ። "ሰማሽኝ? ቁጥሩ አልሞላም፣ ዝጊው!"

ብረቷ ትከሻዋን በተከፈተው በር ላይ አስደግፋ ቆመች። አኩራፊዋ አየቻት፤ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አለችና እግሮቿን ወደ ኮሪደሩ ዘረጋች። 

"ነገም አንኳኳለሁ" አለች አኩራፊዋ።

"አንኳኪ።"